ቤትን ስለሚጠብቁ ትንንሽ የዋይፋይ መሣሪያዎች
በሐይቅና በአምባሰል ላሉ የግብርና ሹማምንትና ሠራተኞች የተጻፈ ማስረጃ

ገበሬ ቤቱንና ሀብቱን የሚጠብቀው በዓይኑና በጆሮው ነው። ነገር ግን ዓይን ይተኛል፤ ጆሮም በሩቅ ያለውን አይሰማም። ጫጩቶች በሌሊት ብርድ ሲያልቁ፥ በጐተራ ያለ እህል በውስጡ ሞቆ ሲሻግት፥ የውሃ ታንከር ሞልቶ ሲፈስ፥ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉ የማይተኛ፥ ደመወዝም የማይጠይቅ፥ የለካውን ብቻ የሚናገር ዘበኛ ቢገኝ ለቤቱ ታላቅ ረድኤት መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

እንደዚህ ያለው ዘበኛ ዛሬ በጥቂት ዶላር ዋጋ በሚገዛ ሰሌዳ ሊሠራ ይችላል። በውጭ አገር ሰዎች «ስማርት ሆም» የሚሉት፥ እኛም ብልኅ ቤት ልንለው የምንችለው ነገር፥ የባለጸጎች መጫወቻ ብቻ አይደለም። በሐይቅ ከተማ፥ በውጫሌም ሆነ በገጠሩ ቀበሌ፥ አንድ ትጉህ ወጣት በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችል ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ ይጠቅማል ማለት አይደለም። በክፉ አሠራር የተሠራ ዘበኛ ከዘበኛ ማጣት ይልቅ ይጐዳል፤ ባለቤቱ በእርሱ ተማምኖ ይተኛልና። ሹማምንት ስለነዚህ መሣሪያዎች ግዙ ወይም ፍቀዱ ተብለው በሚጠየቁበት ጊዜ ደኅናውን ከክፉው ለይተው ያውቁ ዘንድ ይህ ማስረጃ ተጽፏል።

1ኛ፤ መሣሪያው ምንድር ነው?

ማይክሮኮንትሮለር ማለት የጣት ጥፍር በምታህል ቁራጭ ላይ የተሠራ፥ የተሰጠውን ትእዛዝ ሳይሰለች እየደጋገመ የሚፈጽም ታናሽ ኮምፒዩተር ነው። እንደ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ደብዳቤ ለመጻፍ የተሠራ አይደለም፤ ሥራው ሦስት ነው። በአንድ በኩል ከመለኪያ ቁጥር ይቀበላል፤ ቀጥሎ ቁጥሩን ከተሰጠው ደንብ ጋራ ያስተያያል፤ በመጨረሻም እንደ ደንቡ መብራት ያበራል፥ ፓምፕ ያስነሣል፥ ወይም ደወል ይደውላል። ዋይፋይ የተባለው የሬዲዮ መገናኛ ሲጨመርበት ደግሞ የለካውን ለባለቤቱ ስልክ ይናገራል።

የዚህ ብልኃት ታሪክ አጭር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ አርዱዊኖ የተባለ ሰሌዳ ለተማሪዎች መማሪያ ተሠራ። ይህ ሰሌዳ የኤሌክትሮኒክስ ሥራን ሊቅ ላልሆነ ሰው ሁሉ ቢያቀርብም የሬዲዮ መገናኛ አልነበረውም። በ2014 ዓ.ም. በቻይና በሻንግሃይ ከተማ ያለው ኤስፕሬሲፍ የተባለው ኩባንያ «ኢኤስፒ 8266» የተባለውን፥ ዋይፋይ ከነአእምሮው በአንድነት ያለበትን ቁራጭ ለገበያ አወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ «ኢኤስፒ 32» የተባለውን፥ ብሉቱዝ የተጨመረለትንና ይልቅ ብርቱ የሆነውን አስከተለ። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ የዋይፋይ መሣሪያ መሥራት የፋብሪካ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የቤት ሥራ ሆነ።

እነዚህን ሰሌዳዎች የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገባ ሦስት ነገሮች አሉ። መጀመሪያ፥ ቁራጩ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፤ በእግሮቹ ላይ 5 ቮልት ቢገባ ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛ፥ ሁለቱም የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስልክ ወይም ራውተር በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ሲያሰራጭ መሣሪያው መረቡን ያጣዋል፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደኅናውን ሰሌዳ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ሦስተኛ፥ ራውተርና ኢንተርኔት በሌሉበት ቤት ሰሌዳው ራሱ የዋይፋይ መረብ ዘርግቶ የባለቤቱን ስልክ ሊቀበል ይችላል። ይህ ሦስተኛው ነገር ለገጠር ቤት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ነው።

ትእዛዙን ለመጻፍም የግድ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያሻም። በአርዱዊኖ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ይጽፋል፤ የማይችልም «ኢኤስፒሆም» በተባለው በነጻ በሚገኝ ሥራ፥ መለኪያው በየትኛው እግር እንደ ታሰረና በስንት ደቂቃ እንደሚለካ በጥቂት መሥመር ቢገልጽ ፕሮግራሙ ከዚያ ይዘጋጅለታል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርትም የፕሮግራም አጻጻፍን መጀመሪያ በነጻ ስለሚያስተምር፥ ወጣቶችን ወደዚያ መምራት መልካም ነው።

2ኛ፤ «ይቻለዋል» እና «ግድ ነው»

በገበያ ተሠርተው የሚሸጡ ብልኅ መብራቶችና ማብሪያዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የሚበዙት ሥራቸውን የሚሠሩት በባዕድ አገር ባለ የኩባንያ ኮምፒዩተር አማካይነት ነው። ባለቤቱ በስልኩ «አብራ» ባለ ጊዜ ትእዛዙ በኢንተርኔት ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፥ ከዚያ ተመልሶ ሦስት እርምጃ ርቆ ወዳለው መብራት ይደርሳል። መረቡ ከተቋረጠ መብራቱ ይደነቍራል። ኩባንያው ሥራውን ከተወ ደግሞ ዕቃው ለዘለዓለም ይሞታል። በአሜሪካ አገር ሪቮልቭ የተባለው የቤት መሣሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የሚያገለግለው ኮምፒዩተር ስለ ተዘጋ፥ ዕቃው ሳይሰበር በየገዢው ቤት ከንቱ ሆኖ ቀርቷል።

በአገራችንም መረብ መቋረጡ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራው በሩቅ አገር ኮምፒዩተር የታሰረ መሣሪያ ያለው ሰው ቢኖር፥ ጫጩቱንም ሆነ መስኖውን ያለ ጠባቂ ማጣቱ የማይቀር ነው።

ለዚህ ነገር የአምባሰል ምድር ራሷ ትምህርት ትሰጠናለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ሁለት ቃል ይዞ ነበር። የአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመላላክ ቢፈልጉ እንዲችሉ ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎት ነበር። «ይቻላል» እና «ግድ ነው» የሚሉት ቃላት የቱን ያህል እንደሚራራቁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ታይቷል።

ታናሹን ከታላቁ ጋራ ማነጻጸር ቢፈቀድ፥ ማናቸውንም የቤት መሣሪያ የምንመረምርበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ ዕቃ ከውጭው ዓለም ጋራ መነጋገር ይቻለዋልን፥ ወይስ ግድ ነው? የሚቻለው ዕቃ መረብ ሲኖር ወሬውን ይልካል፤ መረብ ሲጠፋም ሥራውን ሳያቋርጥ ይሠራል። ግድ የሆነበት ዕቃ ግን ጌታው ባለቤቱ ሳይሆን ሌላ ነው። ሰው በገዛ እጁ መሣሪያ የመሥራቱ ዋና ጥቅም ርካሽነቱ አይደለም፤ ደንቡ በቤቱ ውስጥ እንዲኖርና ዕቃው ለባለቤቱ ብቻ እንዲታዘዝ ማድረጉ ነው።

ይህን ለመፈተን ትምህርት አያስፈልግም። መሣሪያው ሲሠራ ሳለ ራውተሩን ወይም የስልኩን መረብ አጥፍቶ፥ ሥራው ይቀጥል እንደ ሆነ አንድ ሌሊት መጠበቅ ይበቃል።

3ኛ፤ አንድ ምሳሌ፤ የጫጩት ቤት

የተባለውን በሥራ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሐይቅ ከተማ ወይም በውጫሌ የሚኖር አንድ ሰው የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸው 50 ጫጩቶች ቢገዛ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ሴንቲግሬድ ሙቀት ሊሰጣቸው ይገባል፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ሴንቲግሬድ ያህል እየቀነሰ 21 እስኪደርስ ይወርዳል። በዚህ ደጋማ አገር የሌሊቱ ብርድ ጽኑ ስለ ሆነ፥ መብራት የማሞቁ ሥራ ዋናው ጊዜ ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ የኢኤስፒ ሰሌዳ፥ «ዲኤስ18ቢ20» የተባለ ውሃ የማይገባው የሙቀት መለኪያ፥ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌይ፥ የማሞቂያ አምፖል፥ ታናሽ የድምፅ ደወል፥ ሰሌዳውንም መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ። መለኪያው ከጣሪያ ሳይሆን በጫጩቶቹ ጀርባ ትይዩ ይሰቀላል፤ በላይ ያለው አየር ከታች ካለው ይልቅ ስለሚሞቅ በላይ የተሰቀለ መለኪያ ያታልላል።

ደንቡም እንዲህ ይጻፋል፤ ሙቀቱ ከ32 ቢወርድ መብራቱ ይብራ፤ ከ34 ቢያልፍ ይጥፋ። ሁለት ቁጥር መኖሩ በከንቱ አይደለም። ቁጥሩ አንድ ብቻ ቢሆን ሙቀቱ በዚያ ቁጥር ላይ በተወዛወዘ ቁጥር ሪሌዩ ሳያርፍ ይበራል ይጠፋልና ቶሎ ያልቃል።

እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ደኅናው ሠሪ ከክፉው የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ የተባለው የሙቀት መለኪያ መብራት በተነሣለት ጊዜ ገና ሳይለካ 85 የሚል ቁጥር ይይዛል፤ ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ፕሮግራም 127 ከዜሮ በታች (−127) የሚል ቁጥር ያሳያል። እነዚህ ሁለቱ ሙቀት አይደሉም፤ «አላውቅም» የማለት ቋንቋ ናቸው። ሠሪው ይህን ካላወቀ፥ ሰሌዳው 85 ሲያይ ቤቱ ተቃጠለ ብሎ መብራቱን ያጠፋል፥ ጫጩቶቹም በብርድ ያልቃሉ፤ −127 ሲያይ ደግሞ ብርድ በረታ ብሎ መብራቱን ሳያቋርጥ ያበራል፥ ጫጩቶቹም በሙቀት ያልቃሉ፤ ጭድ በቅርብ ካለም ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በደንቡ ላይ፥ ቁጥሩ ከ0 በታች ወይም ከ50 በላይ ቢሆን መለኪያው እንደ ታመመ ተቈጥሮ ደወሉ ይደውል፥ ባለቤቱም ይነሣ የሚል ቃል ሊጨመር የግድ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ነገር ግን በባትሪ የቆመው ሰሌዳ ሙቀቱ ሲወርድ አይቶ ደወሉን ይደውላል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ጫጩቶቹን በጭድ ወደ ተሸፈነው፥ የራሳቸው ሙቀት ወደሚያሞቃቸው ሃይቦክስ ወደሚባለው ሳጥን ያስገባቸዋል። ይህ ሳጥን በአገራችን የግብርና ሊቃውንት ተፈትኖ መልካምነቱ የታወቀ ነው። እንግዲህ ብልኁ መሣሪያ የቀድሞውን ብልኃት አይሽረውም፤ በጊዜው እንዲሠራበት ያነቃዋል እንጂ።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ሰሌዳው ከመጀመሪያው ይነሣል። በዚያ ቅጽበት አንዳንድ እግሮቹ ገና ትእዛዝ ሳይቀበሉ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጡ ሪሌዩን ሊያስነሡት ይችላሉ። ለአምፖል ይህ ግድ የለውም፤ ለውሃ ፓምፕ ግን ክፉ ነው። ሠሪው ዕቃውን ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት አሥር ጊዜ እያጠፋና እያበራ የሚሆነውን ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሠሪው መለኪያውን ሊመረምር ይገባዋል። መለኪያውን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ቢያስገቡት ወደ 0 ሊያሳይ ይገባል። በፈላ ውሃ ሲመረመር ግን 100 ሊጠበቅ አይገባም። የሐይቅ አገር ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ93 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን መለኪያ ይጥላል። ከመለኪያው በላይ ግን ጫጩቶቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ በመብራቱ ሥር ቢቈለሉ በርዷቸዋል፤ ከመብራቱ ሸሽተው አፋቸውን ቢከፍቱ ሞቋቸዋል፤ በሳጥኑ ሁሉ ተበትነው ቢመገቡ መልካም ነው።

4ኛ፤ ስለ ባትሪ አቈጣጠር

መብራት ኀይል ባልደረሰበት ቀበሌ መሣሪያው በባትሪና በፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሠሪው ሒሳብ ማወቅ አለበት። የኢኤስፒ ሰሌዳ ዋይፋዩን ከፍቶ ነቅቶ ሲኖር በአማካይ 80 ሚሊ አምፔር ያህል ይበላል እንበል። ይህ በ24 ሰዓት 1,920 ይሆናል፤ ስለዚህ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከአንድ ቀን ብዙ አያልፍም።

ሆኖም ቁራጩ የሚተኛበት ብልኃት አለው። በጥልቅ እንቅልፉ ጊዜ ኢኤስፒ 8266 20 ማይክሮ አምፔር ብቻ ይበላል፤ ይኸውም ከሚሊ አምፔር 50ኛው እጅ ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ነቅቶ ለ5 ሴኮንድ ቢለካና ወሬ ቢልክ፥ በቀን 48 ጊዜ፥ በጠቅላላው 240 ሴኮንድ ብቻ ይነቃል። በዚህ ሥራ የሚበላው 5 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከጥቂት ብቻ ሲሆን፥ የእንቅልፉ ሲጨመር 6 አይሞላም። ስለዚህ ያው ባትሪ በስሌት ወደ አንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል። በሥራ ግን በሰሌዳው ላይ ያሉት ሌሎች ክፍሎችና ዘወትር የምትበራው ታናሽ መብራት ከቁራጩ ይልቅ ስለሚበሉ፥ ዕድሜው ከዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ ይህን የማይነግር ሻጭ አይታመን።

ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ እንደ ጫጩት ቤት ዘወትር መንቃት ያለበት ሥራ መብራት ወይም በቂ የፀሐይ ሰሌዳ ይፈልጋል፤ እንደ ጐተራና እንደ መሬት እርጥበት ያለው ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር ግን በታናሽ ባትሪ ሊጠበቅ ይችላል።

5ኛ፤ ስለ ጐተራና ስለ ጓሮ አትክልት

በቆሎና ማሽላ ሲከተቱ እርጥበታቸው ከመቶ 13 ገደማ መብለጥ የለበትም፤ ካልደረቁ ይሻግታሉ፤ ከሻጋታውም የሚወጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል። በጐተራው ውስጥ የአየር እርጥበትና የሙቀት መለኪያ ቢቀመጥ፥ በእህሉ መካከል ያለው አየር እርጥበት ከመቶ 65 ሲያልፍ፥ ወይም የእህሉ ሙቀት ከውጭው አየር ይልቅ ዕለት ዕለት ሲጨምር፥ ባለቤቱ እህሉን አውጥቶ እንዲያሰጣ ይነግረዋል። መለኪያው እህል አያደርቅም፤ ባለቤቱ ሳይዘገይ እንዲያደርቀው ያስታውቃል እንጂ።

ለጓሮ አትክልት የሚውለው የመሬት እርጥበት መለኪያ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ሁለት የተራቆቱ ብረቶች ያሉት ሲሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይዝጋል፤ ሁለተኛው ግን ብረቱ የተሸፈነ ስለ ሆነ ይበረክታል፤ የሚገዛውም ይህ ነው። መለኪያው ቁጥር ይሰጣል እንጂ የቁጥሩን ትርጓሜ አይሰጥም። የዋልካ አፈር ቁጥርና የአሸዋማ አፈር ቁጥር አንድ አይደለም። ስለዚህ ገበሬው ከራሱ ጓሮ አፈር ወስዶ ፈጽሞ ባደረቀው ጊዜና ውሃ አጠጥቶ ባጠነፈፈው ጊዜ የሚያሳየውን ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ በእነዚህ መካከል አትክልቱ ጠውለግ ሊል ሲጀምር የታየው ቁጥር የማጠጫው ምልክት ይሁን። ከሌላ ሰው ጓሮ የተቀዳ ቁጥር አይጠቅምም።

በኢኤስፒ 32 ለሚሠራም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቁጥር ከሚቀበሉት እግሮቹ አንዱ ወገን ዋይፋዩ ሲከፈት አይለካም። መለኪያው በጠረጴዛ ላይ ሠርቶ በጓሮ የሚከለክለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞም ሁሉ ነገር ኤሌክትሪክ እንደማይሻ ማወቅ ይገባል። የዓለም አቀፍ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ፥ በአማራ ክልልም ጭምር፥ ከታናሽ ገበሬዎች ጋራ የሞከሩት ጠቋሚ በመሬት ውስጥ የሚቀበር ማንቆርቆሪያ መሰል ዕቃ ነው፤ ውሃው ወደ ሥሩ በደረሰ ጊዜ በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ብቅ ብሎ ውሃው በቃ ይላል። ባትሪም ፕሮግራምም የለውም። እንዲሁም የውሃ ታንከር መሙላቱን ለማወቅ በድምፅ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ከመግዛት በፊት፥ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተራ ማብሪያ ይበቃ እንደ ሆነ መጠየቅ መልካም ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን፥ ከሁለት ዕቃ አንዱ የሚበቃ ሲሆን ቀላሉን መምረጥ የብልኅ ሥራ ነው።

6ኛ፤ ስለ አደጋና ስለ ምሥጢር

ሰሌዳው ራሱ በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ ሰውን አይጎዳም። ነገር ግን ሪሌዩ የሚያዝዘው የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ ይህም ይገድላል። ስለዚህ ወጣቶች ሰሌዳውንና መለኪያውን ይሥሩ፤ ወደ 220 ቮልት የሚገባውን ሽቦ ግን የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ይሰር፤ ሁሉም በማይቃጠል በተዘጋ ሳጥን ይግባ። በታናሾቹ ሪሌዮች ላይ 10 አምፔር የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ይህ ለአምፖል ከበቂ በላይ ነው፤ የፓምፕ ሞተር ግን ሲነሣ ከሥራው ጊዜ ብዙ እጥፍ ስለሚበላ ሪሌዩን ያቃጥለዋል ወይም ተጣብቆ እንዲቀር ያደርገዋል። ለፓምፕ ኮንታክተር የተባለው ትልቁ ማብሪያ ያስፈልጋል።

ስለ ምሥጢርም አንድ ቃል እንጨምር። በቤት መብራትና በር ላይ የተሠራ መሣሪያ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ያውቃል፤ እርሱ ያወቀውን ሌባ እንዳያውቀው የዋይፋዩ ማለፊያ ቃል በሳጥኑ ላይ እንዳይጻፍ፥ ከፋብሪካ የመጣውም ሳይለወጥ እንዳይቀር። ጽሕፈት ቤቶች ከገበሬዎች ቤት ቁጥር ሲሰበስቡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከታቸው ያስቡ፤ የገበሬውን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ። የሬዲዮ መሣሪያ በብዛት ከውጭ ለማስገባት ለሚፈልግም፥ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

7ኛ፤ ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባ

እንግዲህ ስለነዚህ መሣሪያዎች ጥያቄ ሲቀርብላችሁ በሚከተለው ሥርዓት እንድትመረምሩት እናሳስባለን።

መጀመሪያ፥ መሣሪያው ሊከለክለው የሚገባው ጥፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ዘመናዊ ለመሆን» የሚል ምክንያት አይበቃም፤ «ጫጩት በሌሊት ብርድ እንዳይሞት» የሚል ግን ይበቃል። ጥፋቱ ካልታወቀ መለኪያው ምን እንደሚለካ አይታወቅም።

ሁለተኛ፥ ከመግዛት ወይም ከመቀበል በፊት ሦስት ፈተና በፊታችሁ ይደረግ፤ መረቡ ይጥፋ፥ መብራቱም ጠፍቶ ይመለስ፥ የመለኪያውም ሽቦ ይነቀል። በሦስቱም ጊዜ መሣሪያው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ወይም ችግሩን በድምፅ ካስታወቀ ይታመናል። ዝም ካለ ይመለስ።

ሦስተኛ፥ መጀመሪያ በአንድ ቤት አንድ መሣሪያ ይተከል፤ አንድ የዝናምና አንድ የበጋ ወራት ያሳልፍ፤ ከዚያ በኋላ ለሌላው ይስፋፋ። መቶ ሰሌዳ በአንድ ቀን አከፋፍሎ የሚጠግን ሰው ማጣት የመንግሥትንም የገበሬንም ገንዘብ ማጥፋት ነው።

አራተኛ፥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መዝገብ ይኑር። የትኛው ሽቦ በየትኛው እግር እንደ ታሰረ፥ የተጻፈው ደንብ፥ የተለወጠበት ቀንና የለወጠው ሰው በወረቀት ይጻፍ፤ ፕሮግራሙም በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። በዚሁ አገር በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩ አባቶች በ13ኛው መቶ ዓመት የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር በወንጌሉ ላይ ጽፈው ስለ ተዉልን፥ ገዳሙ በዚያን ዘመን የነበረውን ሀብት እስከ ዛሬ ለማወቅ ተችሏል። ሠሪው ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ ያለ መዝገብ የቀረ መሣሪያ ግን በዓመቱ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

አምስተኛ፥ የሚጠግነው ሰው ቅርብ ይሁን። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ከሐይቅና ከውጫሌም መንገዱ አንድ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የገበሬውን ችግር ጽፎ ቢልክላቸው፥ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ሥራቸው እውነተኛ ጥያቄ ያገኛሉ፤ ገበሬውም አጠገቡ ያለ ጠጋኝ ያገኛል። በየከተማው ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶችም በቆርቆሮ መበየድ ስለሚያውቁ፥ ይህን ሥራ ለመማር ከሌላው ይልቅ ቅርብ ናቸው።

በመጨረሻም ለሕዝቡ ይህን አስረዱ፤ መለኪያ ዓይንን ያግዛል እንጂ የባለቤቱን አሳብ አይተካም። ጫጩት የሚያሳድግ ሰው መሣሪያ ስላለው የሌሊት ጉብኝቱን ፈጽሞ አይተው፤ መሣሪያውም ቢሆን ሥራውን እየሠራ መሆኑን በየጊዜው ይጐብኘው። ደንቡ በቤቱ የተጻፈ፥ መረብ ቢጠፋ የማይደነቍር፥ ሲታመምም የማይዋሽ መሣሪያ ካገኛችሁ፥ ዋጋው ጥቂት ቢሆንም እንደ ታማኝ ሎሌ ያገለግላልና በወረዳችሁ እንዲለመድ እርዱት።